ቅመሱ ይሉኛል!

እኛ ስናውቀው መጠጡን ቀድሞ የሚቀምሰው አሳላፊው ነበር። ከብርሌው ወደ መዳፉ ጠብ ያደርግና ጋባዡም ተጋባዡም ዐይናቸውን ሳይነቅሉ እያዩት ፉት ይላታል። ካልተንገዳገደ፣ ዐይኑ ካልፈጠጠ፣ ከዚያ ወዲያ ነው ለትልቁ ሰው የሚቀዳው። መርዝ ካለበት ቀድሞ የሚሄደው ቀጂው ነው፤ ሕጉ ይኸው ነው፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያማርርም። አሁን ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ተቀምጬ ያየሁትን ጉድ ለማን ልንገር? ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ ጠርሙስ በፎጣ አቅፎ ይመጣል፣ ቡሹን ይነቅላል፣ ከብርጭቆዬ ሥር ለዝንብ የማትበቃ ጠብታ ያንጠባጥብና ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። «ይቅመሱት አባባ» ይለኛል። እኔን! ዕድሜዬን ሙሉ በሰው መዳፍ ስጠበቅ ኖሬ በእርጅናዬ ቀማሽ ሆኜ ተቀጠርኩ። ያውም ያለ ደሞዝ።

«የሚፈራ ነገር አለ እንዴ?» ብዬ አጠገቤ የተቀመጠውን የልጅ ልጄን ጠየቅሁት። ሳቀ። የሚፈራው ቡሹ ነው አለኝ። ቡሽ የዛፍ ቅርፊት ነው፤ አብዛኛው ከፖርቱጋል ይመጣል። አልፎ አልፎ ሻጋታ ይነካውና ወይኑን ያበላሸዋል፤ የተበላሸው ወይን እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ይሸታል። ስለዚህ ጠጪው አሽትቶ ይመስክር ነው ነገሩ። ልብ በሉ፣ ወደድከው ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ታሟል ወይስ ጤነኛ ነው፣ እሱን ብቻ ተናገር ነው የሚሉኝ። ጤነኛ ከሆነ አልጣፈጠኝም ብዬ ብመልሰው ሒሳቡ አይመለስም።

እሺ፣ ጤነኛ ነው ብዬ መሰከርኩ። ቀዳልኝ። ምን ያህል? የብርጭቆውን ሲሶ! በእኛ ቤት ለእንግዳ ሲሶ የቀዳ ሰው ነገር ፈልጎ ነው። መጠጥ ሞልቶ ካልፈሰሰ ቤቱ ጠግቦ አያድርም። «ምነው፣ አለቀባችሁ?» ብል ሽታው የሚሰበሰብበት ቦታ ያስፈልጋል አለኝ። ለሽታ ቦታ ተከራየን ማለት ነው። ኪራዩን ደግሞ የምንከፍለው እኛ ነን።

ይህ የልጅ ልጄ የሆቴል ትምህርት ተምሯል፤ በዚያ ላይ ወይን መቅመስ የሚባል ሙያ ጨምሮበታል። እኔ አያቱ ዘጌ ላይ ቡናና ጌሾ ሳደርስ ኖርኩ። አባቱ ያንኑ ጌሾ በታንኳ፣ ኋላም በሞተር ጀልባ እያሻገረ ባሕር ዳር ገበያ ሸጠ። እሱ በጌሾው ገንዘብ ተምሮ የሰው አገር መጠጥ ያሸታል። ከዘመዶቹ መካከል መሬት ሳይነካ በአፍንጫው ብቻ እንጀራ የሚበላ እሱ የመጀመሪያው ነው። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ጋባዡም እሱ ነበር።

«ዛሬ የማስቀምስዎ ድብልቅ ቀይ ወይን ነው፤ አፍ የሚሞላው፣ ከባዱ ዓይነት» አለ። ድብልቅ! እኔ በምኖርበት አገር የተደባለቀ ነገር ሁሉ ክስ አለበት። ቅቤ ከሙዝ ጋር ተደባልቆ ተያዘ ይባላል፤ በርበሬ ከቀይ አፈር ጋር ተደባልቆ ተያዘ ይባላል። ወይን ሲደባለቅ ግን ባለሙያ ይባላል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ሰዉም ከንፈሩን እየመጠጠ ያደንቃል። ፖሊስ የሚጠራ የለም።

ሦስት ጠርሙስ አሰለፈ። ሦስቱም ሪፍት ቫሊ የሚል ተጽፎባቸዋል፤ አንዱ ሜርሎ፣ አንዱ ሲራ፣ አንዱ ካበርኔ ሶቪኞ። ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ችግኙን ከቦርዶ አምጥቶ ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በሚሏት ከተማ አጠገብ ተክሎ፣ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ያወጣው ነው። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ደሴት አለ፤ ደሴቱ ላይ ገዳም አለ። ደሴት ላይ መነኩሴ ያለበት ሐይቅ ሁሉ ለእኛ ዘመድ ነውና በክፉ ዐይን አላየሁትም። በወይን እርሻው ዙሪያ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባ ቦይ ተቆፍሯል ሲለኝ ግን ቅናት ቢጤ ያዘኝ። የጣናን ጉማሬ ማን ቦይ ቆፈረለት? የሐይቁ ዳር ገበሬ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮ እየደበደበ ነው የሚያባርረው። የዝዋዩ ጉማሬ ግን በጀት ተይዞለታል።

ወደ ብርጭቆው እንመለስ። ካበርኔው ኮስታራ ነው። ጠቆር ያለ ፍሬ ይሸታል፤ ምላስን አንዴ ከያዘ አይለቅም። ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ነው አለኝ ልጁ፤ የቀይ ወይን ቀለም የሚመጣው ከቆዳው ነው፣ ምላስ የሚያደርቀውም ከቆዳውና ከዘሩ ነው። ጭማቂው ብቻውን ቢሆን ቀይ ወይን የሚባል ነገር ባልኖረ። ሜርሎው ለስለስ ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የማይጣላ ነው። ሲራው ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል፤ ሳሸተው ወጥ የቀረበ መስሎኝ ዞር አልኩ። ከዚያ ልጁ ከካበርኔው በርከት፣ ከሜርሎው መጠነኛ፣ ከሲራው ጥቂት አድርጎ በአንድ ብርጭቆ ቀላቀለና ሰጠኝ። ማኅሌት የቆመ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ወፍራሙ ድምፅ ብቻውን ቢቆም ያስፈራል፤ ቀጭኑ ብቻውን ቢቆም ያስተኛል፤ ከበሮው ብቻውን ቢመታ ሠርግ ይሆናል፤ ሦስቱ ሲገናኙ ነው ቅኔ ማኅሌቱ የሚሞላው። ይህን ለልጁ አልነገርኩትም። ሙያው ላይ ትዕቢት እንዳይጨምርበት ብዬ ነው።

ቦርዶዎቹ መደባለቅ የለመዱት ለጣዕም ብቻ አይደለም አለኝ። አገራቸው ዝናባም ነው። ሜርሎ ቶሎ ይደርሳል፣ ካበርኔ ይዘገያል፤ በመከር ሰሞን ዝናብ ቢመጣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተርፋል። ይኼን ስሰማ ሰዎቹን ወደድኳቸው። እኛም እኮ እንዲሁ ነን። አቡነ በትረ ማርያም ወደ ዘጌ በመጡ ጊዜ በትራቸውን ከሦስት ቢሰብሩት ከአንዱ ቡና፣ ከአንዱ ጌሾ፣ ከአንዱ ሎሚ በቀለ ይባላል፤ በሬ ጠምዶ ማረስም በምድራችን የተከለከለ ሆኖ ቆየ። ቡናው እምቢ ያለ ዓመት ጌሾው ልጅ ያስተምራል። ቦርዶዎች ይህን ለማወቅ ስንት ዝናብ እንደመታቸው እንጃ፤ ለእኛ ግን በበትር ተሰጠን።

ከዚያ የአቀማመሱ ሥርዓት መጣ። ኧረ የቅዳሴ ሥርዓት ከዚህ ያጥራል! መጀመሪያ ይታያል። ቀለሙ የሚታየው ነጭ ነገር ላይ ዘንበል ተደርጎ ነው፤ ልጁ ነጭ ነገር ፈለገና ያገኘው የእኔን ጋቢ ነው። «እንዲህ ይያዙት አባባ፤ ጠርዙ ወይን ጠጅ ከመሰለ ገና ወጣት ነው፤ ወደ ጡብ ቀለም ካደላ አርጅቷል።» አሁን ደግሞ ያሽከርክሩት አለኝ። አየር እንዲያገኝና ሽታው እንዲነሳ ነው። አሽከረከርኩ። ሽታው ተነሳ፤ ወይኑም አብሮ ተነሳና ጋቢዬ ላይ አረፈ። ልጁ የተጨነቀው ለወይኑ ነው! በብርጭቆው ግድግዳ የወረደውን ጠብታ እያሳየኝ ይህ የወይን እንባ ይባላል፣ አልኮሉ በረታ ሲል ነው ጎልቶ የሚታየው አለ። ጋቢዬን ያጠበችው ባለቤቴ ስታየው የሚወርደውን እንባ ማን ያስረዳው?

ቀጥሎ ይሸተታል። ልጁ አፍንጫውን ሙሉ ብርጭቆው ውስጥ ከተተና ዐይኑን ጨፈነ። ብላክ ቤሪ አለ፣ ቫኒላ አለ፣ ቆዳ አለ፣ ትንባሆ አለ። ቆዳ የሚሸት መጠጥ ጤነኛ ነው ብዬ እንዴት መሰከርኩ አልኩ በሆዴ። ትንባሆስ? ገዳም አጠገብ ያደግን ሰዎች ነን፤ ትንባሆ ስሙም አይነሳብን። ቫኒላው የሚመጣው ወይኑ ከከረመበት የባሉጥ በርሜል ነው፤ በርሜሉ ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይጠበሳል። በል እስቲ አልኩና እኔም በአፍንጫዬ ገባሁ። እኔ ብላክ ቤሪውን የት አውቄው? ግን አጋም ሸተተኝ፤ ደህና አድርጎ የበሰለ፣ ጥቁር አጋም። ቀጥሎ ዶቅማ መጣ። ከዶቅማው ኋላ፣ የግንቦት ዝናብ የመታው የቡና ቅጠል፣ ከዛፉ ሥር ተከምሮ የሚበሰብሰው። ይህን ስናገር ልጁ ደብተር አወጣና ጻፈ። እኔን እያስተማረ ከእኔ ይማራል፤ የጠጣነውን ሒሳብ እንዲያካክሰው ብነግረው አልሰማም።

ተጎነጨሁ። «ቶሎ አይዋጡት፤ ከአየር ጋር ወደ ውስጥ ይሳቡት» አለ። ሲስብ የሚያሰማው ድምፅ! እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ በማማሰያ አፉን ትለው ነበር። ምክንያት አለው አሉ፤ ሽታው ከአፍ በጓሮ በር ወደ አፍንጫ ስለሚወጣ ጣዕም የምንለው ነገር ግማሹ ሽታ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ወጥ አልጣፈጠኝም ብሎ ሚስቱን የሚቆጣው ለዚህ መሆኑን እዚያ ተማርኩ። ከዚያ ወይኑ ድዴንና ጉንጬን ጨምድዶ ያዘ። ያልበሰለ ዶቅማ የበላ ልጅ ያውቀዋል፤ አፍ ይደርቃል፣ ምላስ ከላንቃ አልላቀቅ ይላል። ታኒን ይባላል። ከምራቅ ጋር ይጣበቅና አፉን ያለ ቅባት ያስቀረዋል። ሥጋ ቢኖር የሥጋው ስብ ያስታግሠዋል፤ ለዚህ ነው ከባድ ቀይ ወይን ከጥብስ ጋር የሚስማማው።

ከሁሉ የከፋው ግን መጨረሻው ነው። አንድ ባልዲ አቀረቡና ትፉት አሉኝ! ብዙ ዓይነት የሚቀምስ ሰው እንዳይሰክር ነው ይላሉ። እኔ እንትፍ የማውቀው ለምርቃት ነው። ልጅ ሲንበረከክ፣ ሙሽራ ሲወጣ፣ እንትፍ እንትፍ ብለን እንመርቃለን። ከዚያ በቀር ሰው የቀዳልህን መጠጥ መትፋት ጦር ያማዝዛል። ባልዲውን እየመረቅሁ አለፍኩት፤ ወይኑን ዋጥኩ። የመጣሁት በጀልባ ነው፣ የምነዳው መኪና የለኝም፣ ለማን ብዬ ነው የምተፋው?

ሥጋ ቢኖር አልኩ እንጂ ሥጋ አልነበረም። ዕለቱ ዓርብ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተቀምጠን ዓሣ አዘዝን፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፣ የጣና ዳር ሰው ነኝ። የተጠበሰ ቆሮሶ መጣ። አንድ ጉርሻ ዓሣ በልቼ ወይኑን ባስከትልበት አፌ ውስጥ ያረጀ ማጭድ የገባ መሰለኝ፤ ብረት ብረት! ልጁ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ነበረበት፤ በቀይ ወይን ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት ከዓሣው ቅባት ጋር ሲገናኝ ይህን ጣዕም ያወጣል። ጣና ዳር ተቀምጦ፣ በጾም ቀን፣ ከዓሣ ጋር የማይታረቅ መጠጥ መምረጥ ምን የሚሉት ሙያ ነው?

በዚህ ላይ የእንቁላሉ ጉድ መጣ። ቦርዶዎች ወይኑ በርሜል ውስጥ ሳለ እንዲጠራ የእንቁላል ነጭ ይጨምሩበታል። ነጩ ያን አፍ የሚጨመድደውን ታኒን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ወይኑም ይለሰልሳል። የቆየ ልማዳቸው ነው፤ የተረፈውን አስኳል ኬክ ይጋግሩበታል አሉ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። «እና ይኼስ?» አልኩ ወደ ብርጭቆዬ እያየሁ፤ «እንቁላል አለበት የለበትም?» ልጁ በዘመኑ ሌላም ማጥሪያ ስላለ የግድ እንቁላል ነው አይባልም ብሎ ያደናግረኛል። የግድ አይደለም ለንስሐ አባት የሚነገር መልስ ነው? ጠርሙሱን ገልብጬ አነበብኩ፤ የአልኮሉ መጠን ተጽፏል፣ የጾም መሆን አለመሆኑ ግን አልተጻፈም። ብርጭቆዬን የጨረስኩት ነገሩ እስኪጣራ ወይኑ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።

ስለ ሙቀት ያለውም አያልቅም። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣ የሚል ሕግ ነበራቸው። የማን ክፍል? ሕጉን ያወጡት ብርድ በሚያንቀጠቅጠው የድንጋይ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ከባድ ቀይ ወይን የሚያምርበት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሚያዝያን ባሕር ዳር በዚህ ልክ የሚያቀዘቅዛት የለም። በእኛ ክፍል ሙቀት ከቀረበ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ ፍሬው ይጠፋል። ልጁ ጠርሙሱን ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይታችሁ አምጡልን ብሎ አሳላፊውን ለመነ። ወይ ትንሽ አልቀዘቀዘም፣ ወይ በረዶ ሆኖ መጣ፤ መካከል የሚባል ነገር እዚያ ቤት አልነበረም። በረዶ የሆነው ደግሞ ታኒኑን ያገንነዋል፤ እንጨት የምልስ መስሎኝ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ መከራ ስቀበል አጠገባችን ካለው ጠረጴዛ ጎረምሶች ያንኑ ወይን አዘዙ። ጠርሙሱ ተከፈተ። ቀማሽ የለ፣ አሽታች የለ። ከዚያ አንዱ ኮካ ኮላ አነሣና ወይኑ ላይ ገለበጠው! ሌላው ስፕራይት ጨመረ። ልጄ ሙያው ስለሆነ ዝም አለ፤ ደንበኛ ንጉሥ ነው ተብሎ ተምሯል። እኔ ግን ደንበኛም ሽማግሌም ነኝ፤ ዝም አላልኩም። «ልጆች፣» አልኳቸው፣ «ከፈረንሳይ ድረስ ችግኝ መጥቶ፣ ጉማሬ በቦይ ታግዶ፣ በእንጨት በርሜል ከርሞ የመጣን ነገር በኮካ የምታጥቡት ምን አድርጓችሁ ነው?» አንደኛው «ይመረናል አባባ» አለ። ይመራል! ይመራል እንጂ! ጣፋጭ ቢያምራችሁ ሸንኮራ አገዳ አገሩን ሞልቶት የለ?

እርግጥ ነው፣ እነሱን ያበላሸ እኛው ነን። ድሮ ወይን ማለት ሠርግ ላይ የሚቀዳው ጉደር ነበር፤ ጣፋጭ የፈለገ አክሱማይት ይላል። ሁለቱም የአዋሽ ወይን ጠጅ ናቸው። ሴቶቹ አክሱማይቱን፣ ወንዶቹ ጉደሩን ይዘው ፎቶ ይነሣሉ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ጠጁ ይመለሳል። ይህ የአዋሽ ፋብሪካ ደግሞ የማን እጅ እንደገባ ታውቃላችሁ? በ1977 ዓ.ም. ረሃባችንን በዘፈን ለዓለም ያሰማው የአየርላንዱ ቦብ ጌልዶፍ ያቋቋመው ኤይት ማይልስ የሚባል የገንዘብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሆኖ ገዛው። በራብ ጊዜ የዘፈነልን ሰውዬ፣ ጠግበው ይሆናል ብሎ ወይን ሊሸጥልን መጣ። እንዲህ ያለ ጥሩ ዘመድ ማን አለው? አልሳቅሁበትም፤ ከዘፈነልን ሌላ ሰው ተመልሶ የጠየቀን የለም።

ወይን መቅመስ የፈረንጅ ፈጠራ ነው የሚሉኝ ጎረቤቶችም አሉ፤ እነሱንም አልተውኳቸውም። ጥር 12 ቃና ዘገሊላን እያከበራችሁ እንዴት እንዲህ ትላላችሁ? በዚያ ሠርግ ውሃው ወይን በሆነ ጊዜ መጀመሪያ የቀመሰው የግብዣው አለቃ ነው። ከየት እንደመጣ አያውቅም፣ መለያ አላየም፣ ዋጋ አልጠየቀም፤ ቀመሰና የመጨረሻው ከመጀመሪያው እንደሚበልጥ ተናገረ። ሙሽራውንም ጠርቶ፣ ሰው መልካሙን አስቀድሞ ይሰጥና ሲሰክሩ ተራውን ያወጣል፣ አንተ ግን ገለበጥከው አለው። የዛሬዎቹ ቀማሾች ጠርሙሱን በጨርቅ ሸፍነው ሲቀምሱ አዲስ ነገር ያመጡ ይመስላቸዋል። የባሕር ዳር ደጋሾችም ይህን ወንጌል ሰምተዋል፤ የሚጠቀሙት ግን በፊተኛው ክፍል ብቻ ነው፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የሚመጣውን መጠጥ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን እውነተኛ ብሶቴን ልናገር፤ እስካሁን ያልኩት ማሟሻ ነው። ያ ልጅ ለወይን ያለው አፍንጫ ለጠጅ የት ሄደ? ስለ ካበርኔ ቆዳ ውፍረት ይነግረኛል፤ አባቱ ስላሻገረው ጌሾ ግን እንጨቱ ለጠጅ፣ ቅጠሉ ለጠላ መሆኑን የነገርኩት እኔ ነኝ። የባሉጥ በርሜል ውስጡ በእሳት ይጠበሳል ብሎ አደነቀ፤ አያቱ ጋኑን በግራዋ ፈትጋ በወይራ ጭስ ስታጥን ግን ጭሱ ዐይኔን አቃጠለኝ ብሎ ይሸሻል። መደባለቅም ከሆነ፣ ከመስቀል በኋላ በአደይ ወቅት የሚቆረጠው ማር ሌላ ነው፣ በበልግ መጨረሻ የሚቆረጠው ሌላ ነው፤ የብሳና አበባ የበዛበት ማር ደግሞ ሌላ ነው። አዋቂ ጠጅ ጣይ የትኛውን ከየትኛው እንደምታገናኝ በአፏ ሳይሆን በጣቷ ታውቀዋለች። አንድ ማር ለሦስት፣ ቢበዛ ለአራት ውሃ፤ ብርዙ ይቀመጣል፣ ጌሾው ይገባል፣ ጊዜው ሲደርስ ይወጣል። ከቆየ ይመራል፣ ከቸኮለ ለሕፃን የሚሆን ብርዝ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ ዕውቀት ደብተር ይዞ የቆመ ልጅ ማን አየ?

ዲካንተር የሚሉትን የመስታወት ዕቃ አሳየኝ፤ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ። ከባድ ወይን እዚያ ገብቶ አየር ሲያገኝ ይፈታል አለ። ብርሌ ነው! አሳድገውት ነው እንጂ ብርሌ ነው። የእነሱ ከመደርደሪያ ላይ መብራት በርቶለት ይቀመጣል፤ የእኛን ብርሌ ቱሪስት ለመታሰቢያ ገዝቶ አበባ ይሰካበታል።

ያም ሆኖ በእውነት ልፍረድ፤ ጠጃችንን የገደለው ወይን አይደለም። ስኳር ነው። ማር ሲወደድ ስኳር ገባ፤ ስኳሩ ቢጫ አልሆን ሲል ቀለም ገባ። ጠጅ ቤቱ የሚጠይቅህ ደረቅ ነው ለስላሳ ብሎ ነው፤ ማሩ የየት ነው፣ ጌሾው የዘጌ ነው ወይ ብለህ ብትጠይቅ ከገቢዎች የተላክህ ይመስላቸዋል። የወይን ጠርሙስ የትኛው ዘር፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው እርሻ ብሎ ጽፎ ይመጣል። ጠጅ ስም የለውም፣ ዓመት የለውም፣ አገር የለውም፤ ያለው ብርሌውን ያመጣው ሰው ፊት ነው። ቀማሽ ያጣ መጠጥ ይዋሻል። በድሮው ዘመን አሳላፊው መዳፉ ላይ ጠብ ሲያደርግ የሚጠበቀው መርዙ ብቻ አልነበረም፤ ከአሥር ቤት ጠጅ የለየ አፍ ነበረው፤ ቤተ መንግሥት ገብቶ የተሾመበትም ምክንያት ይኼው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ይህን ሁሉ በጀልባ ላይ ስነግረው ልጁ ሰማ። «እንግዲያው የእማማን ጠጅ ልቅመሰው» ብሎ አብሮኝ ዘጌ ወረደ። ደብተሩን ይዟል፣ ከሆቴሉ አንድ የወይን ብርጭቆም ይዟል፤ አስፈቅዶ ይሁን ሳያስፈቅድ አልጠየቅሁም። ባለቤቴ በብርሌ ቀዳችለት። ሊያሸት ቢል አፍንጫው በብርሌው አንገት አልገባም፤ ወደ ብርጭቆው ገለበጠው። ነጭ ነገር ፈለገና የእኔ ጋቢ ቀይ ነጥብ ስላለበት የእሷን ነጠላ ተጠጋ። አየ። አሽከረከረ። አሸተተ። ያን አስቀያሚ ድምፅ እያሰማ ሳበው።

«ምን ጎደለው?» አለችው ቆማ።

«ምንም አልጎደለውም እማማ። አሲዱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጣፋጭነቱ ዝቅ ይላል፣ ውፍረቱ መካከለኛ ነው፣ መጨረሻ ላይ ደስ የሚል ምሬት አለው፣ ከዚያ ጭስ...»

«ጎምዝዟል፣ ቀጥኗል፣ መርሯል፣ ጨሷል ነው የምትለኝ?»

ምስጋና መሆኑን ሊያስረዳት ብዙ ደከመ። እሷ ዐይኗን ከአፉ አላነሣችም፤ ሆቴሉ ባልዲ እንደሚያቀርብ ነግሬያት ስለነበር እስኪውጥ ትጠብቀው ነበር። ዋጠ። ደግማ ቀዳችለት፣ እስከ አፉ ድረስ፤ ቦታ ለሽታ ብሎ ሊከራከር ሲል አየችውና ዝም አለ። ስለ ጌሾው እየጠየቃት፣ እየጻፈ፣ እየጠጣ፣ የመጨረሻው ጀልባ መልሕቁን ማንሣቱን ከእኛ መካከል የሰማ አልነበረም። መኝታ እያነጠፈችለት ወደ ደብተሩ ጠቆመች።

«ጻፍ እንጂ» አለችው። «ከጀልባ ያስቀራል በል።»